ሞተራችሁ ወራት ከቆመ በኋላ፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ጅማ ውስጥ ጋራዥ ገብቶ በሳምንቱ የሚወጣ ሞተር ብስክሌት ዕድለኛ ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲደርስ ደግሞ የሌላ ሞዴል ሆኖ ይገኛል። ይመለሳል። እስኪለወጥ ክረምቱ ይገባል። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። ሞተሩ ጥግ ይዞ ወራት ይቆጥራል። ከዚያ አንድ ቀን ዕቃው ይገጠማል። ይረገጣል፣ ይረገጣል... ዝም።

ሰው እዚህ ላይ መካኒኩን ነው የሚያማው። "በትክክል አልገጠመውም" ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው መቆሙን ነው። ለፍሪሲዮን የገባ ሞተር አልነሳም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ምንም የለበትም። ጥፋቱ ያለው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ በደረቀው ቤንዚን፣ ኃይሉ ባለቀው ባትሪ፣ ውስጡ በዛገው ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) ላይ ነው። የተጠገነው ቦታ ደህና ሆኖ፣ ማንም ያልነካው ቦታ ተበላሽቶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄ ነው። ምን ያህል ጊዜ ቆመ? ሲቆምስ ቤንዚን ውስጡ ነበር?

ይህ ሁሉ ካርቡሬተር ላላቸው ሞተሮች ነው። ካርቡሬተር ያለው ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ የመሥሪያ ቤቶቹ ያማሃ ኤጂ እና ዲቲ፣ አሮጌው ሆንዳ ኤክስኤል። በኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ ተረጭቶ የሚገባላቸው አዳዲሶቹ ሌላ ወሬ ናቸው።

ከመርገጣችሁ በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት እዩት። እዩት ብቻ ሳይሆን አሽትቱት። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው መዝጊያ መርፌ በደንብ አልዘጋችም፤ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሲንጠባጠብ ከርሟል ማለት ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ከመፋጨት አያድነውም። ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ከተጠራቀመ ደግሞ በኃይል ስትረግጡ ፒስተኑ ከፈሳሽ ጋር ይጋጫል። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ ስለዚህ የሚሰበረው ብረቱ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ካንዴላውን አውጥታችሁ፣ የማስነሻ ቁልፉን ዘግታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ረግጣችሁ ቤንዚኑን አስወጡት። ዘይቱንም ቀይሩ።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው ነው። ሞተሩ የከረመው በቆሎ ወይም ቡና ከተከማቸበት ክፍል ከሆነ የፊልትሮውን ቤት ሳትከፍቱ አትለፉ። አይጥ እዚያ ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች፤ ሽቦም ትበላለች። የማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) ጫፍ ተመልከቱ። እንዲህ ባለ ቦታ ጎጆ የምትቀልስ ተርብ አትጠፋም።

የሲሊንደር ሥራ ተሠርቶ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ካንዴላው ወጥቶ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ደጋግማችሁ ቀስ እያላችሁ ርገጡ። ዘይቱ እስከ ላይ ይዳረሳል። ደረቅ ፒስተን ላይ እሳት መለኮስ የጥገናውን ገንዘብ መልሶ ማቃጠል ነው።

ቤንዚኑ፦ መድፋት ወይስ አዲስ መጨመር?

ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። መጀመሪያ የሚተነው ቀላሉና ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ነው። የሚቀረው ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት ይሰንፋል። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ይወፍርና ሙጫ መሰል ነገር ይሆናል።

እስከ አንድ ወር የቆመ ሞተር ላይ ምንም አላደርግም። እስከ ሦስት ወር ከሆነና ቤንዚኑ ንጹሕ ሽታና ቀለም ካለው፣ አዲስ ቤንዚን በብዛት ጨምሮ መሞከር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ድፉት። "ይሄን ሁሉ ሊትር?" የሚል አለ፣ የቤንዚን ወረፋ ሲበዛ አይፈረድበትም። ግን አስቡት። አሮጌው ቤንዚን አሁን ያጸዳችሁትን ካርቡሬተር መልሶ ይደፍነዋል። ያዳናችሁት ሊትር ሁለተኛ የመካኒክ ክፍያ ያመጣል።

ከመድፋታችሁ በፊት ትንሽ በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ጅማ ዝናቧ ብዙ፣ አየሯ እርጥብ ነው። በግማሽ ተሞልቶ የቆመ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያወጣል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ሥር እንደ ተለየ ንጣፍ ታዩታላችሁ። ውሃ ካለ መቀላቀል የሚባለው አማራጭ ያን ጊዜ አበቃ። ቡናማ ዱቄት ከታየ ደግሞ ሰልባትዮው ዝጓል። ያለ ቤንዚን ፊልትሮ አትንቀሳቀሱ። የቀዳችሁት ከቤንዚን ይልቅ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከሸተተ እሱም ሊደፋ የደረሰ ነው።

የተደፋውን ቤንዚን አዌቱ ወንዝ ውስጥ ወይም ቦይ ላይ አታፍስሱ። ጋራዥ ውሰዱት፤ ብረት ማጠቢያ ይሆናቸዋል። አዲሱን ደግሞ ከተቻለ ከማደያ ቅዱ። መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው አጣዳፊ ሲሆን ያድናል፣ ግን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊያጋጥም ይችላል። ለዓመት ያህል ቆሞ ገና ለሚነሳ ሞተር የመጀመሪያው ሊትር ባይጠረጠር ይሻላል።

ካርቡሬተሩ፦ አራቱ መንገዶች

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ኩባያ አለች። ከኩባያዋ ወደ ላይ ቤንዚን የሚሳበው በነሐስ ብሎኖች ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ትልቁ ቀዳዳ ለፍጥነት ያገለግላል። ትንሿ ደግሞ ለማስነሻና ለሚኒሞ (ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ) ናት። ትንሿ ከፀጉር እምብዛም አትወፍርም። ቤንዚን ሲደርቅ መጀመሪያ የምትደፈነውም እሷ ናት። ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛው መሳቢያ) ሲሳብ የሚሠራ፣ ቾክ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ካላችሁ ወንጀለኛዋን አገኛችኋት ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው መንገድ ማፍሰስ ብቻ ነው። ኩባያዋ ሥር ወይም ጎኗ ላይ ማፍሰሻ ብሎን አላት። በካቻቢቴ ታላላላችሁ፣ አሮጌው ይፈስሳል፣ የሰልባትዮውን መዝጊያ ከፍታችሁ በአዲስ ቤንዚን ታጥባላችሁ። ወጪ የለውም። የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። የወጣው ነገር ንጹሕ ከሆነና ሞተሩ የቆመው ጥቂት ወር ከሆነ ይህ ሊበቃ ይችላል። ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ከወጣ ግን እዚህ ላይ አትቁሙ።

ሁለተኛው ስፕሬይ ነው። ፊልትሮውን አውጥቶ በካርቡሬተሩ አፍ መርጨት። ብዙ ሰው የሚወደው ቀላል ስለሆነ ነው። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ለቆመ ሞተር ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ስፕሬዩ የሚያጥበው ጉሮሮውን ነው፤ የተደፈነችው ቀዳዳ ግን ታች ናት፣ ኩባያዋ ውስጥ። አንዳንዴ ስትረጩ ሞተሩ ይነሳና ትደሰታላችሁ። የተነሳው ስፕሬዩን እያቃጠለ ነው። ሲያልቅ ይጠፋል። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃም እንደዚሁ ነው። እየሠራ የሚንተፋተፍ ሞተርን ይረዳል፣ ጭራሽ ያልተነሳን ግን አይደርስበትም። ቤንዚኑ ማለፍ ሲያቅተው ማጽጃው በየት ያልፋል?

ሦስተኛው መንገድ አውርዶ መክፈት ነው። ከሦስት ወር በላይ ከነቤንዚኑ ለቆመ ሞተር የምመርጠው ይህንን ነው። ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ዕቃ ግን ብዙ አይፈልግም። ከማውረዳችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በየደረጃውም አንሱ። ነጭ ጨርቅ ላይ ሥሩ። የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎችን ካርቡሬተር ማጽጃ ሳይነካቸው አውጡ፤ ጎማን ያሳብጣል። አንዳንድ ካርቡሬተር ላይ ከላይ ቀጭን የጎማ ዲያፍራም አለ። እሱ ከተቀደደ ካርቡሬተሩ በትክክል አይሠራም።

የአየር ወይም የድብልቁን ማስተካከያ ብሎን ዝም ብላችሁ አትፍቱ። መጀመሪያ እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ቁጠሩ። ጻፉት። ስትመልሱ በዚያው ቁጥር ትመልሱታላችሁ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር ከፍቶ መጀመር ለብዙ ሞተር ይሆናል፤ ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ይስተካከላል።

ቀዳዳዎቹን በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ መጎርጎር ክልክል ነው። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ የቤንዚኑ ልክ ለዘለዓለም ይዛባል። ከቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ማውጣት ይሻላል። ወይም ማጽጃ ውስጥ አሳድሩትና በአየር ይነፋ። ኮምፕሬሰር የለንም አትበሉ፤ ጎሚስታው ዘንድ ሂዱ። ነሐሷን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩባት። ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ገና ናት።

አራተኛው መንገድ አዲስ መግዛት ነው። ገበያው ላይ ርካሹ ቅጂ ሞልቷል፤ ብዙ መካኒክ ደግሞ ይህንን ይመርጣል፣ ጊዜ ይቆጥብለታል። ንግግሩም የታወቀ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ካርቡሬተር አልቋል፣ አዲስ ይግዙ።" መልሴም የታወቀ ነው። "እሺ ልጄ፣ መጀመሪያ ክፈተውና አሳየኝ።" ውሃ በልቶት ነጭ ቁስል ካወጣ፣ የብሎን ጥርሱ ከተበላ፣ ወይም ውስጥ የሚወጣ የሚወርደው ክፍል ከተበላና የሚንገጫገጭ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ግዙ። የደረቀ ቤንዚን ብቻ ከሆነ ግን ዋናውን ዕቃ ጥሎ ቅጂ መግጠም ነው።

አዲሱ ሌላም ጣጣ አለው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ለአየሩ ልክ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል። ስለዚህ አዲስ ከገዛችሁ አሮጌውን አትጣሉ። የነሐስ ብሎኖቹን አጽድታችሁ ላያቸው ላይ ያለውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። የመካኒኩ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀሩ ደግሞ በዚያው ቀን ተቀበሉት።

ባትሪው

ወራት የቆመ የሞተር ባትሪ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በመለኪያ እዩት። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ደህና ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። 10 አካባቢ ወርዶ ወራት ከቆየ ተስፋው ትንሽ ነው። ውስጡ ያለው ሰሌዳ ጠጥሯል፤ ቻርጅ የተደረገ ይመስላል፣ በማግስቱ ይሞታል።

ቻርጅ ማስደረግና አዲስ መግዛት ሲነጻጸሩ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያገለገለ ባትሪ ዕድል ይሰጠው እላለሁ። ቻርጅ ሲደረግ ግን በልኩ ነው። ደንቡ የሚሰጠው አምፔር የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ እንዲሆን ነው፤ ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር። የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ቤቶች ከመኪኖቹ ጋር ሰልፍ ውስጥ ካስገቡት ይፈላና ያልቃል። "የሞተር ነው፣ በቀስታ" ብላችሁ ተናገሩ።

ከመኪና ባትሪ በገመድ መሳብም ይቻላል፤ የመኪናው ሞተር ግን ጠፍቶ። ይህ ለማስነሳት እንጂ ባትሪውን ለማዳን አይደለም።

በምን ይነሳ? በእግር፣ በቁልፍ፣ በግፊ

በእግር የሚረገጥ ሞተር ካላችሁ የመጀመሪያውን በእግር አድርጉት። ሞተሪኖው (በቁልፍ የሚያስነሳው) ደካማ ባትሪ ላይ ብዙ ይጠይቃል፤ በእግር ስትረግጡ ደግሞ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይሰማችኋል። ባዶ እንደሚረግጥ ሰው እግራችሁ ካመለጠ፣ ችግሩ ካርቡሬተሩ ሳይሆን ቫልቩ ወይም የፒስተኑ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ጋራዥ።

ቾኩን ሳቡ፣ ነዳጅ አትስጡ፣ ርገጡ። ካልተነሳና ቤንዚን ከሸተታችሁ ጠጥቷል። ቾኩን መልሱ፣ የነዳጅ መስጫ እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ጥቂት ጊዜ ርገጡ። እንቢ ካለ ካንዴላውን አውጡ። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ይደርሳል፣ እሳቱን መርምሩ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አይደርስም፣ ወደ ካርቡሬተሩ ተመለሱ። ይህ አንድ ምርመራ ብዙ መላ ምት ይቀንሳል። የካንዴላ ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ግን እኔ ከረጅም መቆም በኋላ አዲስ ነው የምገጥመው። ክፍተቷ በብዙ ሞተር 0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

በግፊ ማስነሳት የጅማ ልጆች የሚወዱት ነው። ጓደኛ አይጠፋም፣ ቁልቁለት አይጠፋም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ይዞ መሮጥ፣ መልቀቅ። ባትሪ ለደከመበትና ትናንት ሲሠራ ለነበረ ሞተር ጥሩ ነው። ወራት ለቆመ ግን የመጨረሻው ምርጫዬ ነው። ዘይት ያልደረሰው ፒስተን በአንድ ጊዜ በጎማ ኃይል ይገፋል። ፍሬኑም ገና አልተሞከረም። ደግሞ አንዳንድ ሞተር እሳት የሚያመነጨው ከባትሪ ነው። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ከጅሬን ዳገት እስከ ከተማ ብትገፉትም አይነሳም። ማግኔቶ ያላቸው አሮጌ ያማሃዎች ያለ ባትሪም ይነሳሉ።

ኤጂ እና ዲቲን ካነሳን፣ ከእነሱ ባለ ሁለት ምት የሆኑት (ለምሳሌ ኤጂ 100) ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ነው። በራሱ በሚረጭ ፓምፕ የሚሠራ ከሆነና በጥገናው ቧንቧው ተፈትቶ ከነበረ ውስጡ አየር ገብቶበታል። አየሩ ይውጣ። ለጥንቃቄም የመጀመሪያዎቹን ሊትሮች የሁለት ምት ዘይት ቀላቅላችሁ ሙሉ። ይህን መዝለል ሞተሩን በአንድ ጉዞ ያስጨርሰዋል።

ሲነሳ ግቢ ውስጥ፣ በር ተከፍቶ ይሁን። ዝናብ ነው ተብሎ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት ሰው ይገድላል።

ራሴ ልሥራው ወይስ ጋራዥ?

ማፍሰስ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ ማውጣት ለማንም ይቻላል። ካርቡሬተር መክፈት ትዕግሥት ላለው ሰው ይቻላል። ትዕግሥት ከሌላችሁ አትጀምሩት፤ በፌስታል የመጣ ካርቡሬተር መካኒክ አይወድም፣ ዋጋውንም ይጨምርባችኋል። ኮምፕሬሽን የሌለው፣ ከሞተሩ የብረት ድምፅ የሚሰማበት፣ ወይም ገና የጥገና ዋስትና ያለው ሞተር በቀጥታ ወደ ሠራው ሰው ይሂድ። እናንተ ከነካካችሁት በኋላ ዋስትና የለም።

የመጀመሪያው ጉዞ

ዳገቱ ጅሬን ወይስ ሜዳው ቦዬ? ቦዬ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ፍሪሲዮንና ፍሬን ያልተሞከረበትን ሞተር የምትወስዱበት ቦታ አይደለም፤ መውጣቱ ቢቀና እንኳ መውረዱ አለ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ማርሽ ውስጥ ግፉት። የፍሪሲዮኑ ሰሌዳዎች ተጣብቀው ከሆነ ጎማው አይዞርም። ጎማው ይነፋ፣ ካቴናው ዘይት ይቀባ፣ ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ይያዝ ይለቀቅ።

አዲስ ፒስተን ወይም ቀለበት ከገባ በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ አትሂዱበት፤ ረጅም ጊዜ በሚኒሞም አታስቁሙት። ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ንዱ፣ አታስጨንቁት። 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይቱን ቀይሩ። አጋሮ ደርሶ መመለስ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ስትመለሱ፣ ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ቀላል ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ካርቡሬተሩ ተስማምቷል። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ይግላል። ቀዳዳዎቹ ገና በደንብ አልጸዱም ወይም ከካርቡሬተሩ በኋላ አየር ይገባል ማለት ነው። ሚኒሞውን የምታስተካክሉት ከዚህ በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ነው። ቀዝቃዛ እያለ የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ ይጮሃል።